የቤት ውስጥ ቃሪያ ለምን ይቀጥናል?

ዘሩን ቀበራችሁት። ከሳምንት በኋላ ሁለት ትንንሽ ቅጠሎች ከአፈሩ ብቅ አሉ። ደስ አላችሁ። ጥቂት ቀን ቆይታችሁ ስታዩት ግን ችግኙ እንደ ክር ቀጥኗል፤ ወደ መስኮቱም ተንጋዷል። ውሃ አንሶት ይሆናል ብላችሁ ታጠጡታላችሁ። በማግስቱ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተልፈስፍሶ፣ ችግኙ ተጋድሞ ታገኙታላችሁ።

እኔ የመጀመሪያዎቹን ችግኞቼን በሙሉ ያጣሁት እንዲህ ነው። ያኔ "እጄ ለተክል አይሆንም" ብዬ ነበር። ብዙ ሰው እዚሁ ላይ ሲተወው አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። የእጅ ጉዳይ አይደለማ! ውጭ ቢሆን ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ዝናብና ንብ በነፃ የሚሠሩትን ሥራ ቤት ውስጥ የምንሠራው እኛ ነን። ታዲያ አብዛኞቻችን አንዱን እናሳንሳለን፣ ሌላውን እናበዛለን። ብርሃን እናሳንሳለን። ውሃ እናበዛለን።

ሁለቱ ደግሞ የተሳሰሩ ናቸው። ተክል ውሃ የሚጠጣው ባገኘው ብርሃን ልክ ነው። ብርሃን ሲያገኝ ቅጠሉ ላይ ያሉት በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። አየር ይገባል፣ ውሃ ተንኖ ይወጣል፣ ሥሩም በምትኩ ከአፈሩ ይስባል። ብርሃን ሲያጣ ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ። ያጠጣነው ውሃ እዚያው አፈሩ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ጨለም ባለ ጥግ ላይ ያለ ችግኝን ውሃ ማጠጣት ያልራበውን ሰው በግድ እንደማጉረስ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመዘዝ ነው።

ቃሪያን የመረጥኩት ለቤት ውስጥ ስለሚመች ነው። በመትከያ ዕቃ ውስጥ ተመችቶት ይኖራል። አበባው በራሱ ብናኝ ፍሬ ይይዛል። ውርጭ ካልገደለውም ዓመታትን ይቆያል። አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ አህጉር ክፍል ነው፤ ወደ ቀረው ዓለም የተሠራጨው ኮሎምበስ በፈረንጆቹ 1492 ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ነው። ሙቀት የሚወደው ከዚያ ይዞት የመጣው ጠባይ ስለሆነ ነው።

ዘሩ ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው

አንዲት የቃሪያ ዘር ጠፍጣፋና ቀጭን ናት። ውስጧ ግን ሽሉና ለመንገዱ የሚሆነው ስንቅ ታሽገዋል። ስንቁ በአብዛኛው ዘይትና ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ዘሩ ለመብቀል ማዳበሪያ አይፈልግም። ብርሃንም የግድ አያስፈልገውም። የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ እርጥበት፣ ሙቀትና አየር።

ውሃ ሲገባው ያብጣል። ውስጡ ተኝተው የነበሩ ኢንዛይሞች (ምግብን የሚሰባብሩ ፕሮቲኖች) ይነቃሉ፤ ስንቁንም ወደሚበላ ነገር ይለውጡታል። መጀመሪያ የምትወጣው ሥር ናት። ዘሩ በየትኛውም ጎን ቢወድቅ ሥሯ ወደ ታች ትዞራለች። ጫፏ ላይ ባሉ ሴሎች ውስጥ ከባድ የስታርች ቅንጣቶች አሉ። እነሱ ወደ ታች ሲረጉ ሥሯ ታች የት እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ዘሩን በየትኛው ጎን ላስቀምጠው ብላችሁ አትጨነቁ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት፤ ይበቃዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሙቀቱ ላይ ነው። ቃሪያ ቶሎ የሚበቅለው አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። በዚህ ሙቀት ከ7 እስከ 14 ቀን ይበቃዋል። ሀባኔሮን የመሰሉ በጣም የሚያቃጥሉ ዓይነቶች ወር ሊፈጁ ይችላሉ። ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ግን ዘሩ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እርጥበቱም ያበሰብሰዋል። ልብ በሉ፣ ያልኩት የአፈሩን ሙቀት ነው። እርጥብ አፈር ከላዩ ውሃ ስለሚተንበት ከክፍሉ አየር ቀዝቀዝ ይላል። ክፍሉ ለእናንተ ሞቅ ያለ ቢሆንም ዘሩ ሊበርደው ይችላል። ላዩን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። የመጀመሪያው ችግኝ ብቅ ያለ ዕለት ሽፋኑን አንሱት።

ዘሩ በሕይወት መኖሩን ከተጠራጠራችሁ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላችሁ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ ላይ አቆዩት። ነጭ ሥር ብቅ ስትል ወደ አፈር አዛውሩት። ሥሯን በጣት አትንኳት፤ ዘሩን ራሱን ያዙት።

ችግኙ ከአፈሩ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ ነው። አንገቱን ደፍቶ በጀርባው ይገፋል። ለስላሳውን ጫፉን አፈር እንዳይጎዳው የሚያደርገው ነው። ብርሃን ሲነካው ቀና ይላል፤ ሁለቱን የክክ ቅጠሎች፣ ማለትም ከዘሩ ውስጥ ይዟቸው የሚወጣውን የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች፣ ይዘረጋል። አንዳንዴ የዘሩ ልጣጭ እንደ ቆብ ጭንቅላቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እጅ ያሳክካል፤ ግን አትጎትቱት። ሁለቱን ቅጠሎች ይዞ ይመጣል። ለብ ያለ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ጥቂት ሰዓት ጠብቁት፣ ሲለሰልስ በራሱ ይወልቃል።

ዓይናችን ያታልለናል

አሁን ወደ ቀጠነው ችግኝ ልመለስ።

ችግኝ ከአፈር በታች ሳለ አንድ ዕቅድ ብቻ ነው ያለው፦ መርዘም። ስንቁን በሙሉ ቁመት ላይ ያውላል፤ ብርሃን ላይ ሳይደርስ ካለቀበት ይሞታል። ከወጣ በኋላ በቂ ብርሃን ካላገኘ ገና አልወጣሁም ብሎ መርዘሙን ይቀጥላል። የቀጠነ ግንድ ብርሃን የሚፈልግ ግንድ ነው። መንጋደዱም እንደዚያው ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ በፈረንጆቹ 1880 ባሳተሙት ሥራቸው ይህን በሣር ቡቃያ ላይ አሳይተዋል። የቡቃያውን ጫፍ ሲሸፍኑት ወደ ብርሃን መጉበጡን ተወ። ብርሃኑን የሚያየው ጫፉ፣ የሚጎብጠው ግን ከጫፉ ዝቅ ያለው ክፍል ነበር። መልእክቱን የሚያደርሰው ኦክሲን የተባለ ሆርሞን መሆኑ በኋላ ታወቀ። ኦክሲን ጥላ ወዳለው ጎን ይሰበሰባል፤ የዚያ ጎን ሴሎች ይበልጥ ይረዝማሉ፤ ግንዱም ወደ ብርሃኑ ይዘምማል።

"ክፍሌ እኮ ብሩህ ነው" ትሉ ይሆናል። እኔም እል ነበር። ዓይን ግን መጥፎ መለኪያ ነው። እኩለ ቀን ላይ ደጅ ያለው የፀሐይ ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ይደርሳል። ማታ አምፖል የበራበት ሳሎን ከ100 እስከ 300 ሉክስ ቢሆን ነው። ልዩነቱ በመቶዎች እጥፍ ነው፤ እኛ ግን በሁለቱም ቦታ ጋዜጣ እናነባለን። ዓይናችን ራሱን ስለሚያስተካክል ልዩነቱ አይታወቀንም። ቅጠል እንዲህ ማድረግ አይችልም። የሚመገበው የገባለትን ያህል ብቻ ነው። መስኮትም ቢሆን የሚያሳየው የሰማዩን ቁራሽ ነው። ከመስታወቱ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ስትገቡ ብርሃኑ ክፉኛ ይወርዳል።

ሉክስ ለሰው ዓይን የተሠራ መለኪያ ነው። ለተክል የሚቆጠረው ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው የብርሃን ቅንጣት ብዛት ነው፤ በሰከንድና በካሬ ሜትር፣ በማይክሮሞል ይለካል። ስሙ አያስፈራችሁ። ስልካችሁ ላይ የሉክስ መለኪያ መተግበሪያ ጫኑ፤ ስልኩን ቅጠሉ ባለበት ከፍታ ወደ መብራቱ አዙራችሁ አንብቡ። መብራቱ ነጭ ኤልኢዲ ከሆነ ቁጥሩን ለ70 አካፍሉት። ግምት ነው፤ ግን ይሠራል። 14,000 ሉክስ ካነበባችሁ 200 ማይክሮሞል አካባቢ ነው ማለት ነው። ለችግኝ ጥሩ ነው። ፍሬ ለሚይዝ ቃሪያ ወደ 400 እና ከዚያ በላይ አድርሱት።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሰዓቱም አለ። ዝናብን አስቡ። ቀኑን ሙሉ ያካፋ ዝናብ ለአንድ ሰዓት የዘነበ ዶፍን ያህል በርሜል ሊሞላ ይችላል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ለተክሉ ዋናው በቀን የተጠራቀመው ነው። 200 ማይክሮሞል ለ16 ሰዓት ቢበራ በቀን 11.5 ሞል ይሆናል (አንድ ሞል ሚሊዮን ማይክሮሞል ነው)። ከ10 እስከ 15 ሞል ችግኝን ያጠነክራል። ፍሬ ሲመጣ ከ20 በላይ ይፈለጋል። መብራታችሁ ደከም ያለ ከሆነ ሰዓቱን በማርዘም ትንሽ ማካካስ ትችላላችሁ። ግን ሌሊቱን ጨርሳችሁ አትውሰዱበት። ከ14 እስከ 16 ሰዓት አብርታችሁ የቀረውን አጨልሙለት። ማብሪያና ማጥፊያውን በሰዓት ቆጣሪ ሶኬት ብታደርጉት ከመርሳት ትድናላችሁ። አንዳንድ ተክሎች ለማበብ የሌሊቱን ርዝመት ይቆጥራሉ፤ ቃሪያ ግን አይቆጥርም። ዕድሜውና ጉልበቱ ሲደርስ ያብባል። ለቤት ውስጥ ጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

መብራት ስትገዙ ነጭ ኤልኢዲ ይበቃችኋል። ነጭ ኤልኢዲ በውስጡ ሰማያዊ ነው። ላዩ ላይ የተቀባው ፎስፈር ከፊሉን ሰማያዊ ብርሃን ወደ ቢጫና ቀይ ይለውጠዋል። ሰማያዊውን ኤልኢዲ የፈጠሩት ሦስት ሳይንቲስቶች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ በፈረንጆቹ 2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሐምራዊ መብራትም ያበቅላል፤ እኔ ግን አልመክረውም። ከሥሩ ሆናችሁ የቅጠሉን ትክክለኛ ቀለም አታዩም። ቅጠል ቢጫ ሲሆን ካላያችሁ ደግሞ ተክሉ የሚነግራችሁን አትሰሙም።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትልቅ የዋት ቁጥር አትመኑ። "1000 ዋት" ተብሎ የሚሸጥ መብራት በእውነት የሚስበው 100 ዋት ሊሆን ይችላል። የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ፤ የሚስበው ኃይል እዚያ አለ። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ቦታ እውነተኛ 100 ዋት ጥሩ ኤልኢዲ እስከ ፍሬ ያደርሳችኋል። በ16 ሰዓት 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። የመብራት ቆጣሪያችሁን በዚህ ማስላት ትችላላችሁ።

ርቀቱንም ተጠንቀቁ። ትንሽ አምፖል ከሆነ ርቀቱን እጥፍ ስታደርጉት ብርሃኑ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ለዚህ ነው ጣሪያ ላይ የተሰቀለ አምፖል ለችግኝ ምንም የማያደርገው። በጣም ሲቀርብ ደግሞ ቅጠሉ ይነጣል፣ ጠርዙም ወደ ላይ ይታጠፋል። ያን ጊዜ መብራቱን ከፍ አድርጉት። ኤሌክትሪክና ውሃ ጎረቤት ስለሆኑም ሶኬቱን መሬት ላይ አትተዉት። ገመዱ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ወደ ሶኬቱ እንዳይፈስ ገመዱን ዝቅ አድርጋችሁ መልሳችሁ ወደ ላይ ሰኩት።

ሥርም ይተነፍሳል

ሥር ኦክሲጅን ይፈልጋል። ጥሩ አፈር ውስጥ በቅንጣቶቹ መሃል ክፍተት አለ፤ ክፍተቱ አየር ይይዛል። ውሃ ስታጠጡ ውሃው አየሩን አስወጥቶ ይገባል። ከዚያ ሲጎድል አየሩ ይመለሳል። ሳይጎድል ደግማችሁ ካጠጣችሁ ሥሩ ይታፈናል። የታፈነ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ስለዚህ ውሃ የበዛበት ተክልና ውሃ የጠማው ተክል ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ይጠወልጋሉ። ብዙ ችግኝ የሚሞተው በዚህ መመሳሰል ነው።

መለየት ቀላል ነው፤ መትከያውን አንሱት። እውነቴን ነው፣ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። ካጠጣችሁና ትርፉ ከፈሰሰ በኋላ አንዴ አንሱትና ክብደቱን ያዙት። ከዚያ በየቀኑ አንሱት። አንድ ቀን እጃችሁ ላይ ቅልል ይላል። ያን ቀን ነው የሚጠጣው። በቀን መቁጠሪያ ማጠጣት አይሠራም። ብርሃኑ ሲጨምር፣ ክፍሉ ሲሞቅ፣ ቅጠሉ ሲበዛ ተክሉ ቶሎ ይጠጣል። ጨለም ባለ ሳምንት ይዘገያል።

ያ ከአፈሩ አፋፍ ላይ ተልፈስፍሶ የወደቀው ችግኝ ምን ሆኖ ነው? እርጥብ በሆነና አየር በማይንቀሳቀስበት አፈር ውስጥ እንደ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ ያሉ ጀርሞች ይራባሉ። ለስላሳውን ግንድ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያበሰብሱታል። ቦታው በክር ታስሮ የጠበበ ይመስላል። አንዴ ከያዘው አይድንም። መከላከል ነው ያለው፦ ንጹህ መትከያ፣ አዲስ የችግኝ አፈር፣ ላዩ የሚደርቅበት ጊዜ፣ የሚንቀሳቀስ አየር።

አፈሩን ከጓሮ አትዝገኑ። ጓሮ ውስጥ ጥሩ የሆነ አፈር በትንሽ ዕቃ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ጀርሙንም ይዞ ይመጣል። ለችግኝ የተዘጋጀ ድብልቅ የኮኮናት ቃጫ ወይም ፒት (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ተክል)፣ ከፐርላይት ጋር ነው። ፐርላይት ማለት በሙቀት እንደ ፈንዲሻ የተነፋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ሥራው አየር መያዝ ነው።

አንድ ሥር የሰደደ ስህተት ላንሳ። መትከያ ሥር ጠጠር ብናደርግ ውሃው ቶሎ ይወርዳል ይባላል። አይወርድም። ስፖንጅ ውሃ አጠጥታችሁ በቁመቱ አቁሙት። መንጠባጠቡን ካቆመ በኋላም የታችኛው ክፍል ውሃ እንደያዘ ይቆያል። አፈርም እንዲሁ ነው፤ ከሥሩ ሁልጊዜ የረሰረሰ ንጣፍ ይኖረዋል። ጠጠር ስትጨምሩ ያ ንጣፍ ከጠጠሩ በላይ ከፍ ይላል እንጂ አይጠፋም። ሥሩ የሚኖርበትን ቦታ ቀነሳችሁበት ማለት ነው። የሚያስፈልገው ከሥሩ ቀዳዳ ብቻ ነው። ቀዳዳ የሌለው ቆንጆ ዕቃ የተክል መቃብር ነው።

ትንሽ ችግኝን በቀጥታ ትልቅ ዕቃ ውስጥ መትከልም የሚያጓጓ ስህተት ነው። ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃውን የሚጠጣለት የለም፤ ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በትንሽ ዕቃ ጀምሩ። ከክክ ቅጠሎቹ በኋላ ሁለት ጥንድ እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ወዳለው አዛውሩት። ሥሩ ያንን ሲሞላ ወደ መጨረሻው፣ ከ10 ሊትር በላይ ወደሚይዘው። አፈሩ ላይ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ሲበሩ ካያችሁ ላዩ ከመጠን በላይ እርጥብ ነው ማለት ነው። ትላቸው የሚያድገው እዚያ ነው። የላይኛውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ማድረቅ ብቻውን ብዙውን ያጠፋቸዋል።

ምግብ፣ ነፋስና ንብ

ማዳበሪያ ላይ አትቸኩሉ። እውነተኛ ቅጠሎች እስኪመጡ ስንቁ ይበቃዋል። ከዚያ ፈሳሽ ማዳበሪያን ማሸጊያው ከሚለው መጠን ሩቡን ብቻ በውሃ አቅጥናችሁ ጀምሩ። አፈሩ ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት ከታየ ወይም የቅጠሉ ጫፍ ከተቃጠለ በዝቷል። የቅጠል ቢጫነትን ስታዩ ከየት እንደጀመረ ተመልከቱ። ከታች፣ ከአሮጌዎቹ ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን አንሶት ነው። ተክሉ ናይትሮጅንን ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል። ከላይ፣ አዲሶቹ ላይ የቅጠሉ ደም ሥሮች አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ቢጫ ከሆነ ብረት አንሶት ነው። ብረት ከቦታው አይንቀሳቀስም።

ነፋሱን ትንሽ ቬንቲሌተር ይተካዋል። ቅጠሎቹ በስሱ እንዲወዛወዙ ብቻ አድርጉት። መወዛወዙ ግንዱን ያወፍረዋል። ቬንቲሌተር ከሌላችሁ በቀን ሁለት ጊዜ ችግኞቹን በመዳፍ ዳበስ ዳበስ ማድረግም ይሠራል።

አበባ ሲመጣ የንቡ ሥራ የእናንተ ነው። የቃሪያ አበባ ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድ ላይ ይዟል። ብናኙ እንዲራገፍ ግን ንዝረት ይፈልጋል። ቀን ላይ፣ አበባው በደንብ ሲከፈት፣ ቅርንጫፉን በጣት መታ መታ አድርጉት። አበቦች ሳይይዙ የሚረግፉ ከሆነ ሙቀቱን ተመልከቱ። ቀን ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊት ከ15 ሲወርድ ቃሪያ አበባውን ይጥላል። የያዘው ፍሬ ታች ጫፉ ጠቁሮ ከሰረጎደ በሽታ አይደለም፤ ካልሲየም አልደረሰውም። ካልሲየም የሚጓዘው ከውሃው ጋር ስለሆነ አንዴ ማድረቅ አንዴ ማርስረስ መንገዱን ይቆርጥበታል። ብዙውን ጊዜ መፍትሔው ማዳበሪያ መጨመር ሳይሆን ውሃውን ማስተካከል ነው።

አበባ ከያዘ ከወር በኋላ አረንጓዴውን ቃሪያ መልቀም ትችላላችሁ። ከተዋችሁት ቀልቶ በርበሬ ይሆናል፤ ያው ተክል፣ ያው ፍሬ ነው። በመቀስ ቁረጡት፤ ሲጎትቱት ቅርንጫፍ ይሰብራል። ዘር የምትፈልጉ ከሆነ የበሰለውን፣ የቀላውን ምረጡ። የገዛችሁት ዘር ኤፍ-ዋን ዲቃላ (ከሁለት ዓይነት ተዳቅሎ የተገኘ የመጀመሪያ ትውልድ) ከነበረ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም። ካልሆነ ዘሩን በጥላ አድርቁትና በወረቀት ከረጢት ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ለሁለት ለሦስት ዓመት ይበቅላል። ከረጢቱ ላይ የለቀማችሁበትን ቀን ጻፉበት።